ዕጣውማ ድሮም ነበረ፦ ስለ ጽኑ ሕሙማን ጥናት ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ስልኬ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሏል። መጀመሪያ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም ላከችልኝ። ቀጥሎ የአክስቴ ልጅ። በሦስተኛው ቀን የሰፈራችን እድር ግሩፕ ላይ ተለጠፈ። ሆስፒታሎች ተባብረው በጽኑ ሕሙማን ላይ የሚያካሂዱት ጥናት ይቁም የሚል ጽሑፍ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ እኛ አይሲዩ የምንለው ውስጥ ነው። አንብቤ ልተወው ነበር። ግን በእድሩ ግሩፕ ላይ አንዲት እናት «እንግዲህ ልጄ አይሲዩ ቢገባ ዕጣ ሊያወጡበት ነው?» ብለው ጠየቁ። ከሥሩ የሚያለቅስ ፊት የለጠፈው ብዙ ነው። መልስ የሰጠ ግን የለም።

ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ሊሞት የተቃረበን ሰው በዕጣ መድቦ ማከም ጭካኔ ነው ይላሉ። ልምድ ያለው ሐኪም ዓይኑ እያየ፣ ሺህ ሰው የሚቆጥር ጥናት ምን ያደርጋል ይላሉ። ጥናቱ የፈረንጅ ነው፣ እኛ መረጃ ለቃሚዎች ነን ይላሉ። ገንዘቡ ኦክስጅንና አልጋ ይግዛበት ይላሉ። በመጨረሻም፣ ራሱን የሳተ ሰው እሺ ሊል ስለማይችል ጥናቱ ከመነሻው ስርቆት ነው ይላሉ። አባታቸውን አይሲዩ ውስጥ እንዳጡም ጽፈዋል። ነፍስ ይማር። ጽሑፉ ከሐዘን እንጂ ከክፋት እንዳልመጣ ይገባኛል።

ከዕጣው ልጀምር። ሰዉን ያስደነገጠው እሱ ነው።

አንዱ ሕክምና እንደሚሻል እየታወቀ ለግማሹ ሰው መንፈግ ወንጀል ነው። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። በጥናት ዕጣ የሚወጣው ግን ሁለት ዓይነት አሠራር እዚህም እዚያም እየተሠራበት፣ የትኛው እንደሚያድን ማንም እርግጠኛ ባልሆነበት ጊዜ ነው። «እርግጠኛ አለመሆን» ሲባል ሰው ጥቂት ነገር ይመስለዋል። አንድ ምሽት ልንገራችሁ።

11 ሰዓት ላይ ተረኛ ገባሁ። አልጋ ላይ ያለው ጎልማሳ ሴፕሲስ ነው፤ ኢንፌክሽኑ መላ አካሉን አናግቶታል። የደም ግፊቱ ወርዷል። የቀኑ ሐኪም ከመውጣቱ በፊት «ፍሉይድ በደንብ ይግባለት» ብሎኝ ሄደ፤ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ማለቱ ነው። ከፈትኩ። አንዱ ከረጢት አለቀ፣ ሁለተኛውን ሰቀልኩ። ማታ 2 ሰዓት ላይ የሌሊቱ ሐኪም መጣ። ሳንባውን አዳመጠ፣ ቻርቱን ገለጠ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። «ይህን ሁሉ ውሃ ማነው ያዘዘው? ዝጉት!» አለ። ዘጋሁ። ያችኑ የመክፈቻ ጎማ በአንድ ምሽት ከፍቼ የዘጋሁት እኔው ነኝ። ሁለቱም ሐኪሞች ጎበዞች ናቸው፣ ሁለቱም ያነባሉ። የሚያነቡት መጽሐፍ ግን እርስ በርሱ አልተስማማም።

እንግዲህ ለዚያ ሰው ዕጣ አልወጣበትም ትሉኛላችሁ? ወጥቶበታል። ዕጣው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የተረኞች ስም ዝርዝር ነው። ከጥናት ዕጣ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፦ ማንም አልመዘገበውም፣ ማንም ምንም አልተማረበትም። በማግስቱ ሌላ ሰው ገባ፣ ያው ክርክር እንደገና ተጀመረ።

ይህ የፍሉይድ ነገር ቀላል ክርክር እንዳይመስላችሁ። ለዓመታት በየመመሪያው የተጻፈው፣ በትኩሳት ተይዞ ደሙ በደንብ ለማይዘዋወር ሕፃን ፈጥኖ ብዙ ፈሳሽ ይሰጠው የሚል ነበር። በ2011 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከታንዛኒያ የመጡ ሐኪሞች ፊስት የተባለውን ጥናት ውጤት ይፋ አደረጉ። መተንፈሻ ማሽን እንደልብ በማይገኝባቸው ሆስፒታሎች፣ 3,141 ሕፃናት በዕጣ ተመደቡ። ፈሳሹ ፈጥኖ ከገባላቸው ከመቶ ወደ 10 ተኩል የሚሆኑት በሁለት ቀን ውስጥ ሞቱ። ቀስ ተብሎ ከተሰጣቸው ደግሞ 7.3። ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ፤ ለመቀጠል የሚያስችል ሕሊና አልነበረም።

እነዚያ ሕፃናት በዕጣ ሞቱ ይላሉ ጸሐፊው ምናልባት። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፦ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ በየሆስፒታሉ፣ ያለ ዕጣ፣ በመመሪያው መሠረት ፈሳሹ ተንቆርቁሮላቸው የሞቱትን ማን ቆጠራቸው?

በአዋቂዎችም በዛምቢያ ሉሳካ ተሞክሯል። ውጤቱ በ2017 ወጣ። ሴፕሲስ ይዟቸው ግፊታቸው ከወረደ 212 ሰዎች መካከል፣ በተጠናከረው የፈሳሽ አሰጣጥ ከታከሙት 48 በመቶው ሞቱ፣ በተለመደው ከታከሙት 33 በመቶው። አንድ ሆስፒታል ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኞቹም ኤችአይቪ በደማቸው ስለነበረ የመጨረሻ ቃል አይደለም። ግን ያንን ጎማ ስከፍት እጄ እንዲያመነታ ለማድረግ በቂ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልሂድ። የሐኪም ዓይን።

የጎበዝ ሐኪም ዓይን እኔም አይቼዋለሁ። በር ላይ ቆሞ «ይሄ ሰው ደህና አይደለም» የሚል ሲኒየር አለ፤ ሞኒተሩ ገና ምንም ሳይል። ይህን የሚተካ ጥናት የለም። ግን ዓይን የማይደርስበት ነገር አለ፣ እሱም ትንሽ ልዩነት ነው። ትንሽ ስል ከመቶ ሦስት ሰው ማለቴ ነው። ሦስቱ የሰው ልጆች ስለሆኑ ለቤተሰባቸው ትንሽ አይደሉም፤ ለዓይን ነው ትንሽ የሆኑት።

የጭንቅላት ጉዳትን እንውሰድ። ለተመታ ሰው ስቴሮይድ መስጠት ከ30 ዓመት በላይ የተለመደ ነበር። ምክንያቱ ለማንም ይገባል፦ አንጎሉ ያብጣል፣ ስቴሮይድ እብጠት ያበርዳል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ሰጡ፣ ተማሪዎቻቸውም ሰጡ። ከዚያ ክራሽ የተባለ ጥናት ከ49 አገሮች 10,008 ሰዎችን አሰባሰበ። በ2004 ውጤቱ ወጣ። ስቴሮይድ ከተሰጣቸው 21.1 በመቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሞቱ። ካልተሰጣቸው 17.9 በመቶ። መድኃኒቱ ይገድል ነበር።

አንድ ሐኪም በዓመት መቶ እንዲህ ያለ ታካሚ ያያል እንበል። ስቴሮይድ ከሰጠ 21 ይሞቱበታል፣ ካልሰጠ 18። አንድ ዓመት የመኪና አደጋው ይከፋል፣ ሌላ ዓመት አምቡላንሱ ቶሎ ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ መሀል ሦስቷን ለይቶ የሚያይ ዓይን የት ይገኛል? የእኛ ክፍል ብቻውን ቢያጠና ያንን ሳላይ ጡረታ እወጣለሁ። መቶ ሆስፒታል ሲተባበር ግን በሁለትና በሦስት ዓመት ይታያል። የብዙ ሆስፒታል ጥናት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።

አንድ ሆስፒታል ብቻውን ሲያጠና ምን እንደሚመጣም አይተናል። በ2001 በቤልጅየም ሌቨን አንድ አይሲዩ 1,548 ታካሚዎችን አጥንቶ፣ የደም ስኳርን በኢንሱሊን አጥብቆ መቆጣጠር ሞትን ከ8 በመቶ ወደ 4.6 አወረደ አለ። ዓለም ተከተለ። ነርስ የሆነ ሰው ይህን አይረሳውም፦ በየሰዓቱ ጣት መውጋት፣ በየሰዓቱ የኢንሱሊን መጠን መቀያየር። ከዚያ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ካናዳ ዋና የሆኑበት ናይስ ሹገር የተባለ ጥናት 6,104 ሰዎችን መዝግቦ በ2009 ውጤቱን አወጣ። አጥብቀው ከተቆጣጠሯቸው 27.5 በመቶ ሞቱ፣ ለቀቅ ካደረጉላቸው 24.9። ስኳራቸው አደገኛ ደረጃ ድረስ የወረደባቸውም የበዙት በመጀመሪያው በኩል ነው። ሌቨኖች አልዋሹም። አንድ ቤት ውስጥ የሠራ ነገር ጎረቤት ቤት ላይሠራ ይችላል፣ ያ ብቻ ነው።

የፈረንጅ ነው የሚለው ክርክር ላይ ጸሐፊውን ግማሽ መንገድ ድረስ እሸኛቸዋለሁ። ብዙው ገንዘብ ከውጭ ይመጣል። ፊስትም የተደገፈው በብሪታንያ ገንዘብ ነው። ጥያቄውን የሚመርጠውም ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የያዘው ነው፤ ይህ መለወጥ አለበት። ግን መደምደሚያቸው ተገልብጧል። የውጭ ጥናት ለእኛ ላይሆን ይችላል ካልን፣ መልሱ እኛ ራሳችን ማጥናት ነው እንጂ ጥናትን መተው አይደለም። ከተውነውማ የፈረንጁን መመሪያ እንዳለ መገልበጥ ብቻ ይቀረናል።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ የባንግላዴሽና የማላዊ ነው። የሳንባ ምች ለጠናበት ሕፃን የሚሆን፣ በአረፋ የሚሠራ ርካሽ መተንፈሻ አለ። ሕፃኑ ከሚተነፍስበት ቱቦ ጫፉ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፤ ቱቦው ውሃው ውስጥ በጠለቀበት ልክ የሚፈጠረው ግፊት ሳንባውን ከፍቶ ይይዛል። ዳካ ውስጥ ተሞከረ። በ2015 በወጣው ውጤት፣ በዚህ ከታከሙ 79 ሕፃናት 3 ሞቱ። በተለመደው ኦክስጅን ከታከሙ 67 ደግሞ 10። ደስ ይላል። ማላዊ ውስጥ አንድ የገጠር ወረዳ ሆስፒታል ላይ ተሞከረ፣ ሐኪም በየቀኑ ዋርድ ውስጥ በማይገኝበት። 644 ሕፃናት ናቸው። በ2019 ውጤቱ ሲወጣ በአረፋው ከታከሙት 17 በመቶ ሞቱ፣ በተራው ኦክስጅን 11 በመቶ። ሐሳቡ ያው ነው፤ የተለወጠው ቦታው፣ ሕሙማኑና አጠገባቸው የሚቆመው ሰው ነው።

አሁን አንድ ደግ ለጋሽ መጥቶ ያንን መሣሪያ ለአንድ የገጠር ሆስፒታላችን ቢያድል፣ እንደ ዳካ ይሆናል ወይስ እንደ ማላዊ? ዝም ብሎ በመገመት አይታወቅም።

አገራችን በትብብር ጥናት እንግዳ አይደለችም። ካላዛርን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መተማና ሁመራ ለሥራ ወርዶ የሚመለሰውን ጎረምሳ የሚጥለው በሽታ። ድሮ ለ30 ቀን በየቀኑ መርፌ ነበር። የጎንደር ሐኪሞች ከሱዳን፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሁለት መድኃኒት አጣምሮ መስጠትን አጠኑ፣ ሕክምናው ወደ 17 ቀን ወረደ። ይህ የማን ጥናት ነው ታዲያ? በእርሻ ወቅት 13 ቀን የተረፈለትን ልጅ ጠይቁት።

ገንዘቡ ኦክስጅን ይግዛ ለሚለው ረጅም መልስ የለኝም፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ይገዛ ከሚሉት አንዷ እኔ ነኝ። ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል የመርፌውን መውረድ እያየች የምትጸልይ ነርስ ለዚህ ክርክር አትፈልግም። ግን ጸሐፊው ልብ ያላሉት ነገር አለ። በአፍሪካ አይሲዩዎች ስንት ሰው እንደሚሞት የምናውቀው ከየት ነው? በኮቪድ ጊዜ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ10 አገሮች ያሉ 64 ሆስፒታሎች ከ3,000 በላይ የኮቪድ ጽኑ ሕሙማንን አብረው መዘገቡ። በ2021 በወጣው ውጤት 48.2 በመቶው በ30 ቀን ውስጥ ሞተዋል፤ በሌላው ዓለም ከተዘገበው አማካይ በእጅጉ የከፋ። ከዚያ በኋላ ደግሞ በ2025 በ22 የአፍሪካ አገሮች የተደረገ ቆጠራ ታተመ። ሆስፒታል ከተኙት ከስምንት ሰው አንዱ በጽኑ የታመመ ነው። ከነዚህ ውስጥ ሁለት ሦስተኛው የሚገኙት በተራ ዋርድ ነው እንጂ አይሲዩ ውስጥ አይደለም። ለበጀት ስትከራከሩ እጃችሁ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ይህ ነው። የተሰበሰበውም ጸሐፊው ይቁም ባሉት ዓይነት ጥናት ነው።

ደግሞም ከጥናት የሚገኘው ነገር ሁሉ ውድ አይደለም። የልብስ ሰፊ ሜትር ታውቃላችሁ አይደል? እኔ ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አለኝ። አዲስ ታካሚ መተንፈሻ ማሽን ላይ ሲደረግ ከራሱ እስከ ተረከዙ እለካዋለሁ። አስታማሚዎች ያዩኝና ይደነግጣሉ፤ አንዱ «ሲስተር፣ ለሳጥን ነው እንዴ?» ብሎኛል። አይደለም። ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው አየር የሚሰላው ከቁመት ነው፣ ሳንባ ሰው ሲወፍር አብሮ አያድግምና። ድሮ ሳንባቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሰዎች፣ ከቁመት በሚሰላው ክብደት፣ በኪሎ እስከ 12 ሚሊ ሊትርና ከዚያም በላይ ይሰጥ ነበር። በአሜሪካ 10 የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት ተባብረው 12ን ከ6 ጋር አወዳደሩ። 861 ታካሚዎች። ውጤቱ በ2000 ታተመ፦ በ12 ከመቶ ወደ 40 ሰው ሞተ፣ በ6 ደግሞ 31። 170 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወንድ ይህ ከ800 ሚሊ ሊትር ገደማ ወደ 400 መውረድ ነው፤ ከግማሽ ሊትር የውሃ ጠርሙስ ትንሽ ያነሰ። ወጪው አንድ ቁልፍ ማዞርና አንድ ሜትር ነው።

ዴክሳሜታዞንም እንዲሁ። በየፋርማሲው ያለች ርካሽ መድኃኒት ናት። በ2020 በብሪታንያ ከ170 በላይ ሆስፒታሎች ሪከቨሪ በተባለ ጥናት ተያይዘው፣ በማሽን ከሚተነፍሱ የኮቪድ ታካሚዎች ሞትን ከ41 በመቶ ወደ 29 እንደምታወርድ አሳዩ። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመችም። ይኸው ጥናት ስንቱ በጥቁር ገበያ ሲያሳድደው የነበረው ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንደማያድን አሳየ። ለአንድ የማይረባ መድኃኒት የሚወጣው ገንዘብ ሲቀር፣ እሱም ኦክስጅን ይገዛል።

የቀረው ፈቃድ ነው። ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነው። ራሱን የሳተ ሰው እሺ አይልም፤ እውነት ነው። ፊስት ላይ የወላጆች የቃል እሺታ አስቀድሞ ተጠይቆ፣ ሙሉው ማብራሪያና ፊርማ ሕፃኑ ሲረጋጋ ነበር የሚመጣው። ይህ አያከራክርም የሚል ካለ ውሸታም ነው። በአዋቂ በኩል አስታማሚ ይጠየቃል፤ አስታማሚ ደግሞ በዚያች ሰዓት ሦስት ቀን ሳትተኛ ኮሪደር ላይ ያለች እህት ናት።

አንዷን አስታውሳለሁ። ሐኪሙ ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ይዞ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አማርኛው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ስለነበር እኔም አልገባኝም፤ ይህ ነውር ነው፣ ጸሐፊው ስለሱ ቢጽፉ እፈርምላቸዋለሁ። ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ በቃሉ አስረዳት። «ለወንድሜ የቱ ይሻለዋል?» አለች። «አናውቅም፤ የምናጠናው ለዚህ ነው» አላት። ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «እስከዛሬ አናውቅም ብላችሁ አታውቁም» አለችና እንቢ አለች። ወረቀቱ ተመለሰ። ወንድሟ እንደማንኛውም ሰው ታከመ፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ገላበጥኩት፣ አፉን አጸዳሁለት። እንቢታ የሚከበርበት ነገር ስርቆት አይባልም።

አንድ ቅሬታ ግን ከጸሐፊው ጋር እጋራለሁ፣ እሳቸው ባያነሱትም። አንድ ጊዜ ለሦስት ወር ያህል የጥናት ፎርም ሞልቻለሁ። ተረኝነቴ ካለቀ በኋላ፣ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ፣ የ24 ሰዓቱን ሽንትና ግፊት እየደመርኩ። አጥኚው ፎርሙን ሰብስቦ ሄደ። ውጤቱን ማንም አልነገረን። የት እንደታተመ፣ ምን እንደተገኘ፣ የእኛ ክፍል የተሻለ ይሁን የከፋ እስከዛሬ አላውቅም። ቀጣዩ ፎርም ይዞ የሚመጣ ሰው በር ላይ ሲደርስ የምጠይቀውን አዘጋጅቻለሁ፦ ውጤቱን ለእኛ የምትነግሩን መቼ ነው? ጸሐፊው አጠገቤ ቆመው ቢጠይቁልኝ ደስ ይለኛል።